የሸማው አካልና የሸማው ጥለት

ሸማ የሚገዛ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በጥለቱ ላይ ነው፤ እጁ ግን የሚዳስሰው አካሉን ነው። ጥለቱ የሸማው ጌጥ ነው፤ አካሉ ደግሞ ገላን የሚሸፍነው፣ ላብን የሚጠጣው፣ ብርድን የሚከለክለው ሰፊው ነጭ ክፍል ነው። በዚህ ዘመን በገበያ የሚታየው የነጠላና የአንገት ልብስ ዓይነት እጅግ ስለ በዛ፣ ዓይንና እጅ በፍርድ እየተለያዩ ገዢው ሲቸገር ይታያል። አንዱ ነጠላ በእንዝርት ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ ነው፤ ሌላው ከፋብሪካ የጥጥ ክር፤ ሌላው ከእንጨት በኬሚካል ኃይል ከወጣ አብረቅራቂ ክር፤ ሌላውም ከነዳጅ ዘይት ከተገኘ ክር ነው። ሁሉም ግን «የባህል ልብስ» በሚባል በአንድ ስም ይሸጣሉ።

ከነዚህ የትኛውን መምረጥ ይገባል? የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲመለከቱት የገበያ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን የሸማን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመረምር፣ ጥያቄው ዛሬ የተወለደ አለመሆኑን፣ የቀደሙት ሸማኔዎችና ፈታዮችም የራሳቸውን መልስ ሰጥተውበት እንደ ነበር እንረዳለን። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንጥረው፣ ያን መልስ ከምዕራብ ዓባያ ቆላና ከጋሞ ደጋ ተነሥተን ለማሳየት ነው።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ የዓባያን ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ በብርብር ከተማ በኩል ያልፋል። አገሩ ምዕራብ ዓባያ ይባላል፤ ሙቀት የበዛበት፣ ምድሩ ለም የሆነ ቆላ ነው። ከመንገዱ በስተ ምዕራብ የጋሞ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። በተራሮቹ ላይ፣ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ጨንቻና በዙሪያዋ ያሉት የደጋ አገሮች ይገኛሉ። በዚያ ጉም ይወርዳል፤ እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ ይበቅላል፤ ጥጥ ግን አይበቅልም። በሽመና ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የታወቀው የዶርዜ ሰዎች አገርም ይኸው ብርዳም ደጋ ነው።

ከዚህ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም ሸማኔው በላይ፣ ጥጡ በታች መሆኑ ነው። የሐይቁ ዳር ቆላ ጥጡን ሲያበቅል፣ ደጋው ደግሞ እጁንና ጥበቡን ያቀርብ ነበር። ጥጡ በገበያ እየተሸጠ ዳገቱን ይወጣል፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ስለዚህ የጋሞ ሸማ የአንድ ሰው ወይም የአንድ መንደር ሥራ ሳይሆን፣ የቆላና የደጋ፣ የገበሬና የፈታይ፣ የሸማኔና የነጋዴ የጋራ ስምምነት ፍሬ ነበር ማለት እንችላለን።

ሥራውም ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ ፍሬው እንዲለይ ይዳመጣል፤ ከዚያም በደጋን ተነድፎ እንደ ደመና የሳሳ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው እግሮቹን ከጉድጓዱ አውርዶ ተቀምጦ ድሩን ይዘረጋል፤ በመወርወሪያውም ማጉን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ሲጨረስ እንደ ድርቡ ልክ ስም ይወጣለታል፤ ስሱ ነጠላ፣ ድርቡ ኩታ፣ አራት እጅ የሆነው ጋቢ ይባላል። በእንዝርት የተፈተለ ክር እንደ ፋብሪካ ክር ጠብቆ የተገመደ ስላልሆነ በውስጡ አየር ይይዛል። ጋቢ ክብደቱ ሳያስጨንቅ የሚያሞቀው፣ ነጠላም በፀሐይ የማያፍነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥጥን ለልብስ ማዋል በአገራችን አካባቢ እጅግ ጥንታዊ ነገር ነው። በ1ኛው ምዕት ዓመት እ.ኤ.አ. በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የነጋዴዎች መምሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የግብፅንና የህንድን ጨርቆች ይቈጥራል። በ4ኛው ምዕት ዓመትም ንጉሥ ዔዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ካጠፋው የጠላት ሀብት መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ተጠቅሷል። ብዙ ዘመን ቈይቶ በ1762 ዓ.ም. ዓድዋ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በዚያች ከተማ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ እንደሚሠራና ጨርቁም በብር ገንዘብ ፈንታ በአገሩ ሁሉ እንደሚዘዋወር ጽፏል። ጨርቅ እንደ ገንዘብ ሊታመን የቻለው፣ ተቀባዩ ሁሉ ምን እንደ ተቀበለ በእጁ ዳስሶ ስለሚያውቅ ነው።

የሸማው አካል እንዲህ ከአገር ጥጥ ሲሠራ፣ ጥለቱ ግን ከጥንት ጀምሮ የሌላ አገር ክር ሲቀበል ኖሯል። ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ክር በአገር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሸማኔዎች ከህንድ በባሕር የሚመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ ገዝተው ክሩን እየተረተሩ እንደገና ይሸምኑት ነበር። ሐርም እንዲሁ ከውጭ ይመጣ ነበር። በጎንደር ዘመን ከውጭ በመጣ ሐር በአገር ጠቢባን እጅ የተሸመኑት ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች፣ አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በካናዳ በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ። እነዚህን የተመለከተ ሰው፣ የኢትዮጵያ ሸማኔ እንግዳ ክር ሲያይ የሚደነግጥ እንዳልነበረ ይረዳል።

ነገር ግን ከሐር መጋረጃ ወርደን የሰውን የዘወትር ልብስ ስንመለከት፣ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ጸንቶ ኖሯል። እንግዳው ክር በጥለቱ ይቀመጣል፤ አካሉ ጥጥ ይሆናል። እንግዳ በክብር ቦታ ይቀመጣል እንጂ ቤቱን አይረከብም እንደ ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጥለት የሚፈለገው ቀለምና ድምቀት ነው፤ ከአካል የሚፈለገው ደግሞ ላብ መጠጣት፣ መታጠብ መቻል፣ ለዘመናት መቈየት ነው። ሁለቱ ሥራቸው የተለያየ ስለ ሆነ ክራቸውም ሊለያይ ይችላል።

በ19ኛው ምዕት ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጋሞ አገር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከተጠቃለለ በኋላ የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መጡ። በጉለሌና በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሠፍረው ለከተማው ሕዝብ ይሸምኑ ጀመር። ለመስቀል በዓል ወደ ደጋቸው መመለስንም ልማድ አደረጉ፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያ ዘመን በብዙ ቦታ የእጅ ሥራ ያዋርድ ስለ ነበር፣ ሸማኔውም ባለ እጅ በመሆኑ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሸማኔውንም አንጥረኛውንም ሌላውንም ሠራተኛ ስለ ሥራው መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ የሚያስመሰግን ነው፤ የሸማኔውን ክብር በልማድ ያጸናው ግን ሁሉ የሚለብሰው ሥራው ነው።

በዚሁ ጊዜ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ እየበረታ ሄደ። አስቀድሞ የአሜሪካ አቡጀዲድ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዋጋው የረከሰው የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘ። ይሁን እንጂ አቡጀዲድ ምንም ቢረክስ ነጠላንና ጋቢን ከትከሻ ሊያወርድ አልቻለም። ይልቁንም ሸማኔው ከፋብሪካው የሚጠቅመውን መርጦ ወሰደ። በፋብሪካ የተፈተለው የጥጥ ክር ጠንካራና እኩል ስለ ሆነ፣ ለድር አዋለው፤ ማጉን ግን በእንዝርት ከተፈተለው አደረገ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የድሬዳዋ፣ በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር፣ ኋላም የአርባ ምንጭ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተክለው የአገር ውስጥ ክር ሲስፋፋ ይህ ውሕደት ጸና። የፋብሪካው ክርም ቢሆን ያው ጥጥ ስለ ሆነ፣ የቀድሞው ሕግ አልፈረሰም።

ሕጉን የሚፈትነው ክር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በፈረንሳይ አገር የሐር ትል በበሽታ ባለቀ ጊዜ፣ ኢሌር ደ ሻርዶኔ የተባለው ሰው ሐርን ያለ ትል ለመሥራት አሰበ፤ በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶ፣ በ1889 በፓሪስ ዐውደ ርእይ ሰው ሠራሽ ሐሩን ለሕዝብ አሳየ። ክሩ ያብረቀርቅ ነበር፤ ግን እሳት ሲነካው ወዲያው ይቀጣጠል ስለ ነበር አስጊ ሆነ። በ1892 እንግሊዛውያኑ ቻርልስ ክሮስና ኤድዋርድ ቤቫን ከባልደረባቸው ጋር የተሻለውን መንገድ አገኙ። ኮርቶልድስ የተባለው ኩባንያም በ1905 በኮቨንትሪ ከተማ ያመርተው ጀመር። ይህ ክር ቪስኮስ ይባላል፤ ከ1924 ወዲህም ሬዮን የሚለው ስም ተለመደ።

አሠራሩን ባጭሩ እንግለጽ። የእንጨት ብስባሽ ተጣርቶ በኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዘፋል፤ ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለ መርዛም ፈሳሽ ሲጨመርበትና እንደገና በሶዳ ሲሟሟ እንደ ማር የሚዝለገለግ ይሆናል። ይህም እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ቀዳዳዎች እየተገፋ ወደ አሲድ ሲገባ ይረጋና ክር ይሆናል። እንግዲህ ነገሩ ከዛፍ፣ መልኩ ከሰው ስለ ሆነ «ከፊል ሰው ሠራሽ» ይባላል። በመሠረቱ ጥጥና ሬዮን አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ሴሉሎስ ናቸው። ስለዚህ ሬዮንን ከነዳጅ ዘይት ከሚሠራው ከፖሊየስተር ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ነገር ግን ሬዮን ሲሠራ ተሟሙቶ እንደገና የረጋ በመሆኑ የጥጥ ጥንካሬ የለውም። በየአገሩ በፋብሪካዎቹ የሠሩ ብዙ ሰዎችም በካርቦን ዳይሰልፋይድ ትነት ነርቫቸውና አእምሯቸው እንደ ተጎዳ የሕክምና ታሪክ ይመሰክራል።

ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከዓለም ታላላቅ የሬዮን አምራቾች አንዷ ነበረች። ከውጭ ጥጥና ሱፍ ላለመግዛት ሲሉ ሰዎቿ ከወተት እንኳ ሱፍ መሳይ ክር ያወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ሬዮን፣ ወርቅና ብር የሚመስለው ክር፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ሰው ሠራሽ ክሮች ወደ ሽሮ ሜዳ መሸመኛዎች ገቡ። ሸማኔውም አስቀድሞ የህንዱን ቀይ ክር በተቀበለበት ቦታ፣ በጥለቱ፣ ተቀበላቸው። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር አልተደረገም። ቀለሙ በዛ፤ የጥለቱም ስፋት ጨመረ፤ የሸማኔው አሳብ ሰፊ ሜዳ አገኘ።

አዲሱ ነገር የመጣው አብረቅራቂው ክር ጥለቱን ተሻግሮ አካሉን በያዘ ጊዜ ነው። ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ከሬዮን የተሠራ ነጠላ አለ፤ ከዚያም አልፎ ጥለቱ እንኳ ያልተሸመነ፣ በፖሊየስተር ላይ በቀለም የታተመ «የባህል ልብስ» ከውጭ ይገባል።

እዚህ ላይ በሚዛን መፍረድ ይገባል። ሬዮን የራሱ መልካም ጠባይ አለው። ለስላሳ ነው፤ በአንገት ላይ በደንብ ይወርዳል፤ ቀለም አጥብቆ ይይዛል፤ እርጥበትንም ከጥጥ ይልቅ ይስባል። በተለመደ አየር ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል፣ ሬዮን ከ11 እስከ 13 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊየስተር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋናው ጕድለቱ የሚታየው በእጥበት ጊዜ ነው። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፤ ሬዮን ግን ሲርስ ከጥንካሬው ሢሶውን ወይም እኩሌታውን ያጣል። ስለዚህ ነጠላ እንደምናጥበው አሽተን፣ ጨምቀን፣ በገመድ ላይ ብናንጠለጥለው ቅርጹ ይበላሻል። ለብዙ ዓመታት እየታጠበ ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ ጋቢ ከሬዮን ሊሠራ አይችልም።

ገዢው እንዳይታለል የሚረዱ ሦስት ቀላል መፈተኛዎች አሉ። ከዘርፉ አንድ ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል የመጀመሪያው ነው። ጥጥና ሬዮን እንደ ወረቀት ሸትተው ለስላሳ አመድ ይሆናሉ፤ ፖሊየስተር ግን ቀልጦ እንደ ጨሌ ይጠጥራል። ጥጥንና ሬዮንን ለመለየት ደግሞ ክሩን በመካከሉ አርሶ መሳብ ነው። ሬዮን ከራሰው ቦታ በቀላሉ ይበጠሳል፤ ጥጥ ይጸናል። ሦስተኛው ለጥለቱ ነው፤ በራሰ ነጭ ጨርቅ ሲያሹት ቀለሙን የሚለቅ ጥለት በመጀመሪያው እጥበት ነጩን አካል ያበላሻል። ከዚህም ጋር ብልጭታ ሁሉ ሬዮን አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከእንግሊዛዊው ከጆን መርሰር ሙከራ፣ ከ1844 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ጥጥን በሶዳ አክሞ ማጠንከርና ማሳመር ታውቋል፤ ኋላም ክሩን ወጥሮ በማከም እንዲያብረቀርቅ ተደርጓል። ይህ ቢያብረቀርቅም ያው ጥጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የክር ምርጫ የልብስ ምርጫ ብቻ አይደለም። አካሉ ፈትል የሆነ ነጠላ ሲሸጥ፣ ከዋጋው ለጥጥ ገበሬው፣ ለፈታይዋና ለሸማኔው ይደርሳል። በተለይ ፈታይዋ፣ ብዙ ጊዜም በዕድሜ የገፉ እናት፣ ከቤታቸው ሳይወጡ የሚያገኙት ገቢ ይህ ነው። አካሉ ሬዮን ሲሆን ግን ገበሬውና ፈታይዋ ከሰንሰለቱ ይወጣሉ። የቀረው ሸማኔም ክሩን በተወሰነ ዋጋ ስለሚገዛ፣ ከተወዳዳሪው አሳንሶ ለመሸጥ የሚችለው የራሱን የድካም ዋጋ በመቀነስ ብቻ ነው። የድካም ዋጋ እጅግ ሲወርድ ምን እንደሚከተል የታወቀ ነው፤ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ከትምህርት ገበታ ርቀው በመሸመኛ ጉድጓድ ውስጥ የዋሉ ሕፃናት ጉዳይ ለመንግሥትም ለሕዝብም ስውር አይደለም። በርካሽ የተገዛ ልብስ ቀሪው ዋጋው በሌላ ሰው ሊከፈል እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

የምዕራብ ዓባያም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በደርግ ዘመን በዓባያና በጫሞ አካባቢ የመንግሥት እርሻዎች ጥጥ ያመርቱ ነበር። ዛሬ ግን የምዕራብ ዓባያ ስም ከሁሉ በፊት የሚነሣው ከሙዝና ከማንጎ ጋር ነው። ገበሬው የሚያዋጣውን መትከሉ አያስወቅሰውም። የፈትል ገዢ ከቀነሰ ጥጥ የሚተክልበት ምክንያት ይቀንሳል፤ የደጋውና የቆላው የቀድሞ ስምምነትም ይላላል። በሌላ በኩል አዲስ ተስፋም አለ። የጉሎ ቅጠል የሚበላው ኤሪ የተባለ የሐር ትል በአገራችን መርባት ጀምሯል፤ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም በሐር ልማት ላይ ሠርቷል። ይህ ሲስፋፋ፣ ጥለቱ ለዘመናት ከባሕር ማዶ ሲጠብቀው የኖረውን ሐር ከአገር ቅጠል ሊያገኘው ይችላል።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ታሪክ የሚሰጠን ምክር ሰው ሠራሹን ክር አጥፉት የሚል አይደለም፤ ቦታውን ስጡት የሚል ነው። ለዘወትር ነጠላ፣ ለጋቢ፣ ለሕፃን መታቀፊያ፣ ሁልጊዜ ለሚታጠብ ሁሉ አካሉ ጥጥ ይሁን፤ ድሩ ከፋብሪካ ቢሆን ማጉ ፈትል ይሁን። ለጥለት ሬዮን ቢገባ ቀለሙ የማይለቅ፣ ክሩም አስቀድሞ በውኃ ተነክሮ የተሸበሸበ ይሁን፤ አለዚያ አካሉና ጥለቱ በእጥበት ጊዜ እኩል ስለማይሰበሰቡ ዳሩ ይጨማደዳል። አልፎ አልፎ በአንገት ላይ ጣል ለሚደረግ ቀላል የአንገት ልብስ ግን ሬዮን ቢመረጥ ነውር የለበትም። የኪሱ አቅም ፈትል ለመግዛት ያልበቃ ሰውም አይነቀፍ፤ ምን እንደ ገዛ ግን ይወቅ።

ዋናው ጥፋት በክሩ ሳይሆን በስሙ ላይ ነው። ሬዮን «ሬዮን» ተብሎ፣ ፈትል «ፈትል» ተብሎ ቢሸጥ ገዢው በዕውቀት ይመርጣል፤ ሬዮን በፈትል ስም ሲሸጥ ግን ሐቀኛው ሸማኔ በገበያ ይሸነፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ባለ ሥልጣኖች የሸማ ዓይነት በስሙ የሚሸጥበትን ደንብ ቢያስቡ፣ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻቸው የክርን ዓይነት በእጃቸው ፈትነው እንዲለዩ ቢያስተምሩ፣ ሥራው ቀላል፣ ጥቅሙ ግን ታላቅ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ቃል የተነገረው ስለ ኅብረት ነው፤ ኅብረቱም ከቆላው ገበሬ ጀምሮ እስከ ከተማው ገዢ ይደርሳል። ገዢውም ነጠላ በሚመርጥበት ጊዜ ጥለቱን በዓይኑ ካደነቀ በኋላ አካሉን በእጁ ይዳስስ፤ ሻጩንም ማጉ ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ።